የሳምንቱ 168 ሰዓት

ሰኔና ሐምሌ እንዴት እንዳለፉ እኔም አላውቅም። የሒሳብ ሠራተኛ ያገባ ሁሉ ሰኔን ያውቀዋል። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ተዘግቶ ሐምሌ 1 አዲሱ ስለሚጀምር፣ በዚያ ሰሞን እኔን ቤት ውስጥ ያየኝ ሰው ካለ ተኝቼ ነው ያየኝ።

በዚህ ሩጫ መካከል ቤታችን አንድ ሰው ጨመረ። አማቴ ከደብረ ብርሃን መጥተው ከእኛ ጋር መኖር ጀመሩ። ስኳር በሽታ ካደረባቸው 14 ዓመት ሆኗቸዋል። ዓይናቸው ስለ ደከመ በመርፌው ላይ ያለውን ቁጥር አያዩትም፤ ኢንሱሊኑን በግምት ነበር የሚቀዱት። አንድ ቀን ግምቱ በዛና ስኳራቸው ወርዶ ወጥ ቤት ውስጥ ወደቁ። ጎረቤት ደረሰላቸው። “እማማ፣ ከእንግዲህ ብቻዎን አያድሩም” አልናቸው፤ ዶሮዎቻቸውን ለዚያች ጎረቤት ሰጥተው መጡ።

እንግዲህ ቤታችን ትንሽ ክሊኒክ ሆነ። መርፌው በቀን ሁለት ጊዜ ነው፤ ጠዋትና ማታ፣ ከምግብ 30 ደቂቃ በፊት። ያልተከፈተው ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው ቅዝቃዜ ማቀዝቀዣ ውስጥ ይቀመጣል፤ በረዶ ከሠራ ግን ይጣላል። የተከፈተው ፀሐይ በማይነካው ቀዝቃዛ ቦታ አራት ሳምንት ያህል ይቆያል። መብራት ለረጅም ሰዓት ሲጠፋ የጤና ጣቢያዋ ነርስ ያስተማረችንን እናደርጋለን፤ ትንሹን ገንቦ በትልቁ ውስጥ አስቀምጦ፣ በመካከላቸው እርጥብ አሸዋ መሙላት። ልጆቻችንም የድርሻቸውን ተምረዋል። አያታቸው ከተንቀጠቀጡ፣ ካላባቸው ወይም ንግግራቸው ከተዘበራረቀ፣ ሦስት አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጠው ይሰጣሉ፤ ከ15 ደቂቃ በኋላም እንደ ገና ይለካል። ራሳቸውን ከሳቱ ግን በአፋቸው ምንም አይሰጥም፤ ወደ ሐኪም ቤት ነው የሚሮጠው።

ይህ ሁሉ ሲሆን መሥሪያ ቤቴ የክፍል ኃላፊነት ዕድገት ሰጠኝ። ደመወዙ ጥሩ ነው፤ ሦስት ልጅ ለሚያስተምር ቤት ቀላል አይደለም። ነገር ግን ብዙ ቀን ከምሽቱ 1 ሰዓት በፊት ከቢሮ መውጣት አይቻልም። 1 ሰዓት ደግሞ የእማማ መርፌ ሰዓት ነው። ባለቤቴ በሁሉ ነገር ደፋር ሲሆን መርፌ ሲያይ ግን ፊቱ አመድ ይመስላል። ስለዚህ “ይህ ይለፍሽ፤ ሌላ ጊዜ ይመጣል” አለኝ። እኔም ዝም አልሁ። ዝምታዬ ግን የስምምነት አልነበረም።

የሒሳብ ሰው ሲከፋው ይደምራል። እኔም ማታ ደብተሬን አውጥቼ ሳምንቴን ደመርሁ። ሳምንት 168 ሰዓት ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሳምንቱን መደበኛ ሥራ ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ ይላል፤ እሱን ያዝሁ። ለታክሲ ሰልፍና ለመንገድ 15፣ ለእንቅልፍ 49፣ ለምግብ ማብሰል፣ ለአጠባ፣ ለገበያ፣ ልጆች ለማስጠናትና ለመርፌው 40፣ ለቤተ ክርስቲያን 8 ሰዓት። የቀረው 8 ሰዓት ነው። በዚያ ውስጥ እኔም አለሁ፣ ባሌም አለ፣ ለቅሶና ሠርግም አሉ።

ከዚያም የሳምንቱን ንግግራችንን አስታወስሁ። “ጋዝ አልቋል።” “ውኃ መጥቷል፣ በርሜሉን ሙላ።” “የትምህርት ቤት ምዝገባው መቼ ነው?” “መርፌው ተሰጣቸው?” ባልና ሚስት ሳንሆን ፈረቃ የምንረካከብ ዘበኞች መስለናል። ጠብ የለም፤ ፍቅርም አልጠፋም። ጨዋታ ግን የለም።

ነገሩን የፈቱት እማማ ናቸው። ጆሯቸው ከዓይናቸው ይሻላል፤ የዕድገቱን ወሬ ሰምተው ኖሯል። አንድ ማታ ልጃቸውን ጠርተው፣ “እኔ በመርፌ የተነሣ የልጄን ሚስት እንጀራ አልዘጋም። ወይ ተማር፣ ወይ ወደ ቤቴ መልሰኝ” አሉት። በማግስቱ ባለቤቴ ወደ ነርሷ ሄደ። የመጀመሪያ ቀን እጁ ሲንቀጠቀጥ እማማ ሳቁና፣ “አንተን ሳስከትብ ክንድህን አጥብቄ ይዤ ቆሜ ነበር፤ አሁን ተራው ያንተ ነው” አሉት። ወጋ። ዛሬ መጠኑን ከእኔ ይልቅ ተጠንቅቆ የሚቀዳው እሱ ነው።

ዕድገቱን ተቀበልሁ። በነጻ አልመጣም፤ ብዙ ማታ ልጆቼ እራት የሚበሉት ያለ እኔ ነው። 11 ዓመት ስለ ሠራሁ በሕጉ መሠረት 21 የሥራ ቀን የዓመት ፈቃድ አለኝ፤ ያንን ለእማማ የሐኪም ቀጠሮና ለልጆቹ ከፋፍዬዋለሁ። ሁሉን ይበቃል አልላችሁም።

ለእኛ ለሁለታችን ግን አንድ ነገር አገኘን። ጠዋት ከመርፌው እስከ ቁርስ ግማሽ ሰዓት መጠበቅ ግድ ነው። ያችን ግማሽ ሰዓት በረንዳ ላይ ሻይ ይዘን እንቀመጣለን፤ ስለ ጋዝ፣ ስለ ውኃና ስለ ክፍያ ማውራት ክልክል ነው። እውነቱን ልንገራችሁ፣ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ጠዋቶች የምናወራው ጠፍቶን ዝናቡን ስናይ ነበር። በአራተኛው ቀን ባለቤቴ፣ “እኔም ስኳር ይኖርብኝ ይሆን?” አለ። ይህ በሽታ በዘር ሐረግ ሊመጣ እንደሚችል ከሰማ ጀምሮ፣ ለወራት ብቻውን ይህን ይዞ ኖሯል። አንድ አልጋ ላይ እየተኛን አልሰማሁም ነበር፤ የምንነጋገርበት ሰዓት አልነበረማ!

አብረን ሄደን ተመረመረ። ለአሁኑ ምንም የለበትም፤ በየዓመቱ እንዲመረመር ግን ተነግሮታል። የመርፌ ፍርሃቱ ምን ያህል ከዚህ ጋር የተያያዘ እንደ ነበር አሁን ገባኝ።

የተወደዳችሁ ባለ ትዳሮች፣ በእናንተ ቤት የስኳር መርፌ ላይኖር ይችላል፤ ሩጫው ግን አለ። ባለቤታችሁ ለማን እንደሚነግረው አጥቶ የያዘው ነገር ይኖር ይሆናል። እሱን ለመስማት ትልቅ ዕረፍት አትጠብቁ፤ ሻይ እስኪበርድ ያለው ጊዜም ይበቃል። እማማም ሰላምታ ልከውላችኋል። ቀጣዩ እትም እስኪደርስ በሰላም ቆዩኝ።