መርዶ ሳይቀድመን

የአንድ ቤተሰብ የዓመት ጉዞ ተቆጥሮ ቢጻፍ አብዛኛው ሠርግ፣ ለቅሶና ክርስትና ነው። ዘመድ በእነዚህ ይገናኛል። ጓደኛ ግን የሚያሰባስበው ድግስ የለውም። በተለይ የአያቶች ጓደኝነት፣ አንዱ አዲስ አበባ ሌላው ገጠር የቀረ እንደሆነ፣ የሚታደሰው አንደኛው ሲሞት ነው። ያውም መርዶው በጊዜ ከደረሰ።

በ2017 ዓ.ም. በእኛ ቤት ይህን ለመለወጥ ሞክረናል። መነሻው ቡና ነበር። ሚኒያፖሊስ የምትኖረው እህቴ አንድ ሱቅ ውስጥ ያየችውን የቡና ከረጢት ፎቶ አንስታ በቴሌግራም ላከችልን። ከረጢቱ ላይ «ሬኮ» የሚል ስም አለ። አባቴ መነጽራቸውን አድርገው ደጋግመው አዩትና «ይሄማ ያስተማርኩበት አገር ነው!» አሉ። ወዲያው ወረቀት አስመጥተው የሰባት ሰው ስም ጻፉ። እናቴም ከሥሩ አራት ጨመሩ። ዓመቱን ሙሉ የተጓዝነው ያንን ወረቀት ይዘን ነው።

ሁሉም መንገድ የሚኬድበት ዓመት ስላልነበረ አንዳንዶቹን በስልክ ብቻ አገኘናቸው። ድሬዳዋ በባቡር ሄድን፤ እናቴና የልጅነት ጓደኛቸው ሦስት ቀን ሙሉ ከአልጋ ጫፍ ሳይነሡ ሲያወሩ ልጆቹ ከዚራን ዞረው ጨረሱት። ዛሬ የምጽፈው ግን ስለ ሬኮ ነው።

ሬኮ በጌዴኦ ዞን፣ በኮቸሬ ወረዳ የሚገኝ የቡና አገር ነው። አባቴ እዚያ የደረሱት በ1974 ዓ.ም. የሃያ ሁለት ዓመት መምህር ሆነው ነው። ቀን ልጆች፣ ማታ ደግሞ በ1971 በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ጎልማሶችን ያስተምሩ ነበር። ዘመቻው በአሥራ አምስት ቋንቋዎች ይሰጥ ነበር፤ ጌዴኦኛ አንዱ ነው። አባቴ ከሰላምታ በቀር ጌዴኦኛ አያውቁም። ስለዚህ ከተማሪዎቹ አንዱ፣ እኩያቸው የሆነ ገበሬ፣ አጠገባቸው ቆሞ ያስተረጉም ነበር። ጓደኝነቱ የተጀመረው በዚህ ነው። ከዝውውር በኋላ ጥቂት ደብዳቤ ተጻጻፉ፤ ከዚያ ዝም ሆነ።

ስልክ የሌለውን ሰው እንዴት ታገኙታላችሁ? እኛ የጀመርነው ዲላ ዩኒቨርሲቲ ከምትማር የጎረቤት ልጅ ነው። እሷ የኮቸሬ ልጅ የሆነ የክፍል ጓደኛዋን ጠየቀች፣ እሱ አጎቱን፣ አጎቱ የቡና ገበሬዎች ማኅበሩን። ሙሉ ስም ብቻ አይበቃም። «ከትምህርት ቤቱ በታች ያለው ቤት፣ ማታ ማታ ያስተረጉም የነበረው» የሚለው ነው ሰውየውን ያስገኘው። በሁለት ሳምንት ውስጥ የልጅ ልጃቸው ደወለ። በሕይወት አሉ።

የሄድነው በኅዳር፣ ለቀማ በደረሰበት ወር ነው። ከአዲስ አበባ ዲላ 360 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ይሄንን ከአረጋዊ ጋር በአንድ ቀን አትሞክሩት። ሐዋሳ አደርን። በየሁለት ሰዓቱ እየወረድን እግር አፍታታን። አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ብዙ አረጋውያን በጉዞ ቀን ሽንት የሚያመላልሰውን የደም ግፊት ክኒን በይሉኝታ ይዘሉታል። ከመዝለል ይልቅ ሰዓቱን ማዛወር ይቻል እንደሆነ አስቀድሞ ሐኪም መጠየቅ ይሻላል።

ከዲላ በኋላ፣ ወናጎን አልፎ እስከ ይርጋጨፌና ከዚያም ወዲያ፣ መንገዱ ለልጆች ትምህርት ቤት ነው። ከላይ ትልልቅ ዛፍ፣ ከሥሩ እንሰት፣ በመካከሉ ቡና። ትንሿ ልጄ «ይሄ ጫካ ነው ወይስ እርሻ?» ብላ ጠየቀች። ሁለቱንም ነው። ዩኔስኮ የጌዴኦን መልክዓ ምድር በመስከረም 2016 በዓለም ቅርስነት የመዘገበውም ሰውና ዛፍ አብረው ስለኖሩበት ነው።

ሰውየው በምርኩዝ መንገድ ዳር ወጥተው ጠበቁን። ሁለቱ ሽማግሌዎች እጅ ለእጅ ተያይዘው ለረጅም ጊዜ ተያዩ፤ ከዚያ ሰውየው «አንተ መምህር፣ ጅብ መፍራት ተውክ?» አሉ። ልጆቼ ክው አሉ። አያታቸውን «አንተ» የሚል ሰው ሰምተው አያውቁም። ለካ አባቴ ያኔ ማታ ከትምህርት ሲወጡ ተማሪዎቻቸው በችቦ ይሸኟቸው ነበር! እኔም አልሰማሁም። አያት ለልጅ ልጁ የሚተርከው ጀግንነቱን ነው፤ ሌላውን ከጓደኛው በቀር ማን ይናገራል?

ቆጮ በጎመን በላን፤ ቡናው ሦስት ጊዜ ተፈላ። ማታ ላይ ጨዋታው ወደ 2010 ዓ.ም. ዞረ፤ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሰው ከምዕራብ ጉጂ ወደ ጌዴኦ ወደ ተፈናቀለበት ዘመን። ሰውየው ሦስት ቤተሰብ አስጠግተው ነበር። «ስልክህ ቢኖረኝ እደውልልህ ነበር» አሉ አባቴን። «እርዳታ ፈልጌ አይደለም። ከመከራ ሌላ የሚያወራኝ ሰው ነበር የጠፋው።» አባቴ መልስ አልሰጡም። ሲኒያቸውን ይዘው ዝም አሉ።

በማግሥቱ ሰውየው የቡና ደረሰኞቻቸውን ከአንድ ቆርቆሮ ሳጥን አወጡ። ፊደል ከቆጠሩ ጀምሮ የሚዛኑን ቁጥር ራሳቸው እያነበቡ እንደኖሩ ነገሩን። አሁን ግን ዐይናቸው ስለደከመ የልጅ ልጃቸው ያነብላቸዋል። አባቴ የንባብ መነጽራቸውን አውልቀው ሰጧቸው። ሰውየው ደረሰኙን ራቅ ቀረብ አድርገው ኪሎውን ጮክ ብለው አነበቡ። (ማንበብ የተዉ ወላጆች ካሏችሁ መጀመሪያ ዐይናቸውን አስመርምሩ፤ አንዳንዱ የጎደለው መነጽር ብቻ ነው።) አባቴ ስንመለስ ሐዋሳ ላይ ሌላ እስኪገዙ ድረስ የምግብ ዝርዝር ለእሳቸው ማንበብ የእኔ ሥራ ሆነ።

ለመሄድ ካሰባችሁ የምትመጡትን ሰዎች ቁጥር አስቀድማችሁ ተናገሩ፤ ድንገተኛ እንግዳ ገጠር ቤት ላይ ዕዳ ነው። ቢያንስ አንድ ሌሊት እደሩ። ቁም ነገሩ ማታ ነው የሚመጣው። ገንዘብ የምትሰጡ ከሆነ ልጆች ፊት አይሁን።

ዓመቱ ሲያልቅ ከአሥራ አንዱ ሰዎች አራቱን በአካል፣ ሦስቱን በስልክ አግኝተናል። ሁለቱ ቀደም ብለው አርፈዋል፤ የአንደኛውን ባለቤት ሄደን ጠየቅን፣ እናቴ እዚያ ብዙ አለቀሱ። የሬኮው ወዳጃችን ከለቀማ በኋላ አዲስ አበባ እንደሚመጡ ቃል ገብተዋል፤ አባቴ ከአሁኑ የጅቡን ታሪክ ለጎረቤት እንዳይነግሩባቸው እየተማጠኑ ነው። ያልተገኙት ሁለቱ የዘንድሮው ወረቀት አናት ላይ ተጽፈዋል።