ጉለሌን ያላስማማው ፍፃሜ፦ የአሌክስ ሀንተር ታሪክ እንዲህ ማለቅ ነበረበት?

አሌክስ ሀንተር በየትኛውም ሊግ ተመዝግቦ አያውቅም። ኢኤ ስፖርትስ የተባለው ኩባንያ በኮምፒዩተር የሠራው ልጅ ነው። ይሁንና ከአዲሱ ገበያ እስከ ሽሮ ሜዳ ባሉት ፕሌይስቴሽን ቤቶች ስሙ በተነሳ ቁጥር የሚፈጠረው ጭቅጭቅ በቲየሪ ኦንሪና በዌይን ሩኒ ዙሪያ ሲደረግ ከኖረው የሚያንስ አይደለም። ጥያቄው አንድ ነው። የልጁ ታሪክ እንዲህ ማለቅ ነበረበት ወይስ አልነበረበትም?

ነገሩን ለማያውቅ በአጭሩ ይህን ይመስላል። ኩባንያው በመስከረም 2016 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው) ባወጣው ፊፋ 17 ላይ «ዘ ጆርኒ» የተሰኘ ባለ ታሪክ ጌም ጨመረ። እስከዚያ ድረስ ፊፋ ማለት ክለብ መርጦ መግጠም ነበር። በዚህኛው ግን ተጫዋቹ የአንድ ለንደናዊ ወጣት ሕይወት ውስጥ ይገባል። ሀንተር በፕሪሚየር ሊጉ ካሉት 20 ክለቦች አንዱን ይመርጣል፣ ከልጅነት ጓደኛው ጋሬዝ ዎከር ጋር ይቃቃራል፣ ቦታ አጥቶ በውሰት ወደ ታችኛው ዲቪዚዮን ይወርዳል፣ ከዚያ ይመለሳል። ድሮ ኳስ ተጫዋች የነበሩት አያቱ ጂም ሀንተር ከጀርባው አይጠፉም። የልጁን ገፀ ባህሪ የሠራው ትውልደ ናይጄሪያዊው ተዋናይ አደቶሚዋ ኤዱን ነው።

በ2017 ሁለተኛው ክፍል በፊፋ 18 መጣ። ሪያል ማድሪድ ፈለገህ ተብሎ ልቡ የተንጠለጠለው ሀንተር ዝውውሩ ባዶ ወሬ ሆኖ ይቀርና ወደ አሜሪካው ኤልኤ ጋላክሲ ይሄዳል። እዚያም ኪም የምትባል እህት እንዳለችው ያውቃል። በ2018 ፊፋ 19 ላይ የወጣው ሦስተኛውና የመጨረሻው ክፍል ደግሞ ሀንተርን ማድሪድ አስገብቶ ታሪኩን ለሦስት ሰው ያካፍላል። አሌክስና ጓደኛው ዳኒ ዊሊያምስ ወደ ሻምፒዮንስ ሊጉ፣ ኪም ደግሞ ከአሜሪካ ብሔራዊ ቡድን ጋር ወደ ሴቶች ዓለም ዋንጫ ያመራሉ። በቃ፣ እዚያ ላይ ያልቃል። በቀጣዩ ዓመት ፊፋ 20 ሲመጣ ኩባንያው «ዘ ጆርኒ»ን ትቶ «ቮልታ» የተባለውን የጎዳና ኳስ ይዞ ቀረበ።

ክርክሩ የሚነሳው እዚህ ላይ ነው።

ያየና የሰማ

ወደ ክርክሩ ከመገባቱ በፊት ግን አንድ ነገር መነሳት አለበት። ጉለሌ ውስጥ ስለ ፍፃሜው ከሚከራከሩት መካከል ፍፃሜውን በዓይኑ ያየው ጥቂቱ ነው።

ምክንያቱ ቀላል ነው። «ዘ ጆርኒ» ፕሌይስቴሽን 3 ላይ አልነበረም። ፊፋ 17፣ 18 እና 19 ለፕሌይስቴሽን 3 ቢወጡም ታሪኩ ተቆርጦ ነው የወጡት፤ የሠራው በፕሌይስቴሽን 4 እና በእኩዮቹ ማሽኖች ላይ ብቻ ነበር። በእነዚያ ዓመታት ደግሞ ሰፈር ውስጥ ያለ ቤት ሁሉ ፕሌይስቴሽን 4 አልነበረውም። ዲስኩ ላይ «ፊፋ 17» የሚል አይቶ ማሽኑን ከፍቶ ሀንተርን ፈልጎ ያጣው ልጅ ብዙ ነው።

ማሽኑ ቢኖርም ሌላ ጣጣ አለ። ፕሌይስቴሽን ቤት የሚተዳደረው በጌም ነው። ሁለት ሰው ይገጥማል፣ ተሸናፊ ይከፍላል፣ ወረፋ የያዘው ከኋላ ቆሞ «ጨርሱ እንጂ!» ይላል። ባለ ታሪክ ጌም ግን ብቻ ተቀምጠው የሚጫወቱት፣ ለሰዓታት የሚዘልቅ፣ እየቆጠቡ ለነገ የሚያስቀምጡት ነገር ነው። ማን ነው ለዚያ ሁሉ ሰዓት የሚከፍለው? ስለዚህ ታሪኩን እስከ መጨረሻው የገፉት ወይ ቤታቸው ማሽን ያላቸው፣ ወይ ደግሞ ጠዋት ገበያ በሌለበት ሰዓት የሚጫወቱት የቤቱ ጠባቂዎች ናቸው። የቀረው ሕዝብ በሽርፍራፊ ያየና ከእነዚህ አፍ የሰማ ነው። በዚያ ላይ ንግግሩ በእንግሊዝኛ ስለሆነ አንድ አስተርጓሚ መሃል ላይ አለ፤ አስተርጓሚው ደግሞ የየትኛው ክለብ ደጋፊ መሆኑን ማወቅ ያስፈልጋል!

በየሰፈሩ የሚተረከው ፍፃሜ የተለያየ የሆነው ለዚህ ነው። እንቁላል ፋብሪካ አካባቢ የሚወራው ሀንተርና ሩፋኤል የሚወራው ሀንተር አንድ ዓይነት ዋንጫ ላያነሱ ይችላሉ። አንዱ የመረጠለት ክለብ አርሰናል፣ ሌላው የመረጠለት ማንችስተር ዩናይትድ ስለሆነ ሁለቱም ልክ ናቸው።

ሦስት ወገን፣ አንድ ፍፃሜ

የመጀመሪያው ወገን ፍፃሜው ልጁን አሳንሶታል ባይ ነው። ሁለት ክፍል ሙሉ ተንከራትቶ፣ በውሰት ተልኮ፣ በማድሪድ ወሬ ተሸውዶ፣ በመጨረሻ ነጩን ማሊያ ሲለብስ ካሜራው ወደ ዳኒና ወደ ኪም ይዞራል። የአንድ ሰው ጉዞ ተብሎ የተጀመረ ነገር ለሦስት ተካፈለ። ይህ ወገን «ሀንተር ተቀየረብን» ነው የሚለው፤ ዝናውና ንግዱ ከኳሱ እየበለጠበት የሚሄደውን ልጅ አይወደውም።

ሁለተኛው ወገን የሚመልሰው እንዲህ ነው። ታሪኩ ለሦስት መከፈሉ ድክመት ሳይሆን ብቸኛው እውነተኛ ነገር ነው። በመጀመሪያው ክፍል ላይ ዳኒ አጃቢ ብቻ ነበር፤ በኳስ ዓለም ግን ከአንድ ሰፈር ወጥቶ ለትልቅ ደረጃ የሚበቃው ሁልጊዜ የተወራለት ልጅ አይደለም። ኪምም ብትሆን ጌሙን የሠሩት ሰዎች ያሰቡት ያህል ሩቅ አልሄደችም። ፊፋ 19 ከወጣ ከወራት በኋላ፣ ሐምሌ 7 ቀን 2019 ሊዮን ላይ አሜሪካ ሆላንድን 2ለ0 አሸንፋ የእውነቱን የሴቶች ዓለም ዋንጫ ወስዳለች። ልብ ወለዱ ትንቢት ሆነ ማለት ነው።

በሌላ በኩል ለአሌክስ ትንቢቱ አልሠራም። ጌሙ ማድሪድን የሻምፒዮንስ ሊግ መንገድ ላይ ሲያስቀምጠው፣ የእውነቱ ማድሪድ መጋቢት 5 ቀን 2019 በገዛ ሜዳው በአያክስ 4ለ1 ተቀጥቶ ገና በ16ቱ ውስጥ ተሰናበተ። ዋንጫውን ሊቨርፑል ቶተንሃምን 2ለ0 ረትቶ ወሰደ፤ ፍፃሜው የተካሄደውም እዚያው ማድሪድ ከተማ ነበር። የጉለሌ የባርሴሎና ደጋፊዎች የሀንተርን ማድሪድ ሲያዩ የሚስቁት ያለ ምክንያት አይደለም። ለነገሩ ኩባንያውም ራሱ ተሸውዷል። በሰኔ 2018 ክርስቲያኖ ሮናልዶን በማድሪድ ማሊያ ሽፋኑ ላይ አድርጎ ጌሙን አስተዋወቀ፤ በሐምሌ ሮናልዶ ጁቬንቱስ ገባ። ሽፋኑን መቀየር ግድ ሆነ።

ሦስተኛው ወገን በቁጥር አነስተኛ ቢሆንም ክርክሩ ጠንካራ ነው። የዚህ ወገን ቅሬታ ስለ ፍፃሜው ሳይሆን ስለ ምርጫው ነው። «ዘ ጆርኒ» ተጫዋቹን በየቦታው ይጠይቀዋል፦ ለጋዜጠኛው በእርጋታ ትመልሳለህ ወይስ በቁጣ? መልሱ አሰልጣኙንና ደጋፊውን ይነካል ተብሏል። ይሁን እንጂ በመጀመሪያው ክፍል ምንም ያህል ጎል ብታገባ በውሰት መላክህ አይቀርም። በሁለተኛው ክፍል ምንም ብትመልስ ማድሪድ አይወስድህም። ታዲያ መንገዱ ተቀይሶ ካለቀ፣ መጠየቁ ለምን አስፈለገ?

ሚዛን የሚደፋው ይሄኛው ነው። ዋንጫ ያነሳ ጀግና ወይም የተሸነፈ ጀግና ማንንም አያስከፋም። የሚያስከፋው እየመረጥክ ነው ተብለህ ሌላ ሰው የመረጠልህን መኖር ነው። እርግጥ ሁለተኛው ወገን እዚህም ላይ መልስ አለው፤ በኳስ ዓለም ውሰትን የሚወስነው ተጫዋቹ ነው እንዴ? የሚወስነው ክለቡ ነው። ዝውውር የሚበላሸው በወኪል ነው። አነጋጋሪ ነጥብ ነው፣ ግን ጌም የሚከፈትበት ምክንያት ከዚያ ለማምለጥ አልነበረም?

ዳግም መጀመር የሌለበት ሜዳ

ፕሌይስቴሽን የለመደ እጅ አንድ ክፉ አመል አለው። መሸነፉ ሲታወቀው አቋርጦ እንደገና ይጀምራል። በጌም ሲከፈል ባላጋራው ስለማይፈቅድ ይህ አይቻልም፤ በሀንተር ታሪክ ውስጥ ግን ማንም አይከለክልም። ብቻህን ነህ። ስለዚህ «ሁሉንም አሸነፍኩ» የሚል ፍፃሜ የሚተርክ ሰው ካለ ስንት ጊዜ እንደደገመው ቢጠየቅ ጥሩ ነው።

እውነተኛው ሜዳ እንዲህ ያለ ነገር የለውም። ጥር 21 ቀን 2013 ኔልስፕሩት ላይ፣ ዋልያዎቹ ከ31 ዓመት በኋላ በተመለሱበት የአፍሪካ ዋንጫ፣ ሳላዲን ሰይድ በዛምቢያ ላይ ያገኘውን ፍፁም ቅጣት ምት ኬኔዲ ምዌኔ ያዘበት። በኋላ ላይ አዳነ ግርማ ባስቆጠራት ጎል 1ለ1 ቢያልቅም ያቺ ኳስ ብትገባ ኖሮ የሚለው ጨዋታ እስከ ዛሬ አላለቀም። ከዚያ በቡርኪናፋሶ 4ለ0፣ በናይጄሪያ 2ለ0 ተሸንፎ ከምድብ መሰናበት መጣ። ሀንተርን ሲጫወት የነበረ ልጅ ያቺን ፔናሊቲ በአንድ አዝራር ይደግማት ነበር። ሳላዲን ግን የኖረው በዚያችው ነው።

የዝውውሩም ነገር እንዲሁ ነው። ሀንተር በማድሪድ ወሬ ሲታለል የጉለሌ ልጅ የሚገርመው አይደለም፤ «ወደ አውሮፓ ሊሄድ ነው» ተብሎ የቀረ ተጫዋች ስም መቁጠር ይችላል። በ2017 ጋቶች ፓኖም የሩሲያውን አንዢ ማካችካላ ሲቀላቀል ያ ሁሉ ደስታ የነበረው እንዲህ ዓይነቱ ወሬ አብዛኛውን ጊዜ ወሬ ሆኖ ስለሚቀር ነው። የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ ራሱ ፊፋ ውስጥ ገብቶ አያውቅም። ስለዚህ ከለንደን ተነስቶ ማድሪድ የሚደርስ ልጅ ታሪክ እዚህ ሲታይ ሌላ ጣዕም ይኖረዋል፤ ጊዮርጊስ ወይም ቡና ጀምሮ የትም የሚደርስ ሀንተር ማንም አልጻፈም።

ማን ነው የጨረሰው?

እዚህ ላይ ከተከራካሪዎቹ ብዙዎቹ የሚዘሉት ነገር አለ። የሀንተርን ታሪክ ያስቆመው ዋንጫው አይደለም፣ የኩባንያው ውሳኔ ነው። ከዚያ ወዲህ ደግሞ ፍፃሜው ወደ ስሙም ደረሰ። በ1993 የተጀመረው የፊፋና የኢኤ ትዳር በግንቦት 2022 መፍረሱ ይፋ ሆነ። ፊፋ ለስሙ ከፍ ያለ ገንዘብ መጠየቁና በሌሎች አምራቾችም መሥራት መፈለጉ፣ ኩባንያው ደግሞ ያን መክፈል አለመፈለጉ ነበር ሰበቡ። ፊፋ 23 የመጨረሻው ሆነ። በመስከረም 2023 የመጣው «ኢኤ ስፖርትስ ኤፍሲ 24» ነው። እርግጥ ጉለሌ ውስጥ ማንም «ኤፍሲ እንጫወት» ሲል አይሰማም፤ ሰዉ አሁንም «ፊፋ» ነው የሚለው። ስሙን ጠበቆች ቢፋቱትም ተጫዋቹ አልፈታውም።

የፔስ ደጋፊዎችም ከዚህ የተሻለ ዕድል አልገጠማቸውም። በፕሌይስቴሽን 2 ዘመን ካስቶሎንና ሚናንዳን ይዘው ማስተር ሊግ የተጫወቱ፣ አድሪያኖን በፔስ 6 እያስመቱ ግብ ጠባቂ ያስለቀሱ ሰዎች፣ በ2021 ኮናሚ ጌሙን «ኢፉትቦል» ብሎ በነፃ ሲለቅ የወጣውን ነገር አይተው አፍረዋል። የተጫዋቾቹ ፊት የተበላሸ፣ ጌሙም ያላለቀ ነበር። በኋላ ተሻሽሎ በስልክ የሚጫወተው ሰው በዝቷል። የሚገርመው፣ ፊፋ በ2024 የኢ-ስፖርት ዓለም ዋንጫውን ይዞ የሄደው ወደዚሁ ወደ ኮናሚ ነው።

የሀንተር ጉዳይ የቆየ ቢመስልም ማገዶው አላለቀም። በመስከረም 2025 ኢኤ በ55 ቢሊዮን ዶላር ሊሸጥ መስማማቱ ተገለፀ። ከገዢዎቹ ዋነኛው የሳዑዲ አረቢያው የመንግሥት ኢንቨስትመንት ፈንድ፣ ማለትም ከ2021 ጀምሮ የኒውካስል ዩናይትድ ባለቤት የሆነው ነው። በፊፋ 17 ሀንተር በውሰት ሊሄድባቸው ከሚችሉት ሦስት ክለቦች አንዱ ደግሞ ራሱ ኒውካስል ነበር፤ ሌሎቹ አስቶንቪላና ኖርዊች ናቸው። ያኔ ኒውካስልን የመረጠ ልጅ ያልታሰበ ጨዋታ ገብቷል ማለት ነው።

አዲሶቹ ባለቤቶች አራተኛ ክፍል ያሠሩ እንደሆነ የሚጠይቁ አሉ። ቢሠራ ሀንተር አሁን ወደ ሠላሳ የተጠጋ አጥቂ ነው። የመጀመሪያው ወገን ማድሪድ ላይ እንዲያበቃ ይፈልጋል፣ ሁለተኛው አሰልጣኝ ሆኖ ሌላ ልጅ በውሰት እንዲልክ። ሦስተኛው ወገን ግን ከመጀመሩ በፊት አንድ ነገር ብቻ እንዲነገረው ይፈልጋል፦ በዚህኛው ላይ «አልሄድም» ማለት ይቻላል?