ከመቀሱ በፊት ይጠይቋት

በአርሲዋ ሁሩታ ሹሩባ መሠራት ጊዜ ይወስዳል። ሠሪዋ በሚዶ ጫፍ ፀጉሩን ትከፍላለች፤ መስመሩ ከግንባር እስከ ማጅራት ቀጥ ማለቱን አይታ ከሥሩ እየያዘች ትጎነጉናለች። ለጋ ቅቤ የተቀባችው ደግሞ ፌስታል ደርባ፣ በሻሽ አስራ ወደ ቤቷ ትሄዳለች፤ የምትታጠበው በማግስቱ ነው። በዚህች የሎዴ ሄጦሳ ወረዳ ዋና ከተማም ሆነ በአሰላ ረጅም ፀጉር የሚያዘው እንዲህ ነው።

ቴሌቪዥን ግን ይቸኩላል። «ሜክኦቨር» በሚባለው ዝግጅት አንዲት ሴት «በፊት» ተብላ ትገባለች፣ «በኋላ» ተብላ ትወጣለች። በሁለቱ መካከል ተመልካችን «ወይ ጉድ!» የሚያሰኝ ለውጥ መታየት አለበት። ለዚህ ከፀጉር የተሻለ ነገር የለም። ኩሉ ማታ ይታጠባል፣ ልብሱም ይወልቃል። የተቆረጠ ፀጉር ግን በወር የሚያድገው በአማካይ 1 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ 50 ሴንቲ ሜትር ለመመለስ 4 ዓመት ያህል ይፈልጋል።

ከእ.ኤ.አ. 2003 እስከ 2013 በአሜሪካ በተላለፈው «ዋት ኖት ቱ ዌር» ተሳታፊዋ ለልብስ መግዣ 5,000 ዶላር ይሰጣት ነበር። ቀጥሎ ፀጉር ባለሙያው ወንበር ላይ ትቀመጣለች፤ ረጅም ፀጉር ይዛ የገባችው ብዙ ጊዜ አሳጥራ ትወጣለች። ታይራ ባንክስ ታቀርበው በነበረው የሞዴሎች ውድድርም መቀስ ያስለቀሳቸው ወጣቶች ብዙ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2005 ተወዳዳሪዋ ካሳንድራ ዋይትሄድ ፀጉሯ እጅግ አጥሮ ከተቆረጠ በኋላ ጥቂት ደግሞ ይቆረጥ ስትባል እምቢ አለች፤ ውድድሩንም ጥላ ወጣች።

በኢትዮጵያ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። እዚህ ለውጡ የሚመጣው ብዙ ጊዜ በመቁረጥ ሳይሆን በመቀጠል ነው። የተሳታፊዋ ሹሩባ ይፈታል፣ በሂውማን ሄር ወይም በዊግ ይተካል፣ ፀጉሩ ትከሻዋ ላይ ሲወርድ ስቱዲዮው ያጨበጭባል። ረጅም ፀጉር ተወድሷል፤ የራሷ ፀጉር ግን «በፊት» ከሚለው ፎቶ ጋር ቀርቷል። አንዱ ረዘመ ብሎ ይቆርጣል፣ ሌላው አነሰ ብሎ ይቀጥላል፤ ሁለቱም የፀጉሩን ባለቤት ለመጠየቅ ጊዜ የላቸውም።

መጠየቅ የሚገባው ፀጉር ብዙ ነገር ስለሚሸከም ነው። ድሮ ያላገባች ልጃገረድ አናቷን ተላጭታ ዙሪያውን ታስቀር ነበር፤ ሳዱላ ትባላለች። ስታገባ ፀጉሯን ታሳድጋለች፤ ሐዘን ሲደርስባት ደግሞ ትላጫለች። አገሬው ፀጉሯን አይቶ ያለችበትን ሁኔታ ይረዳ ነበር። ዛሬም በአርሲ ብዙ ሙስሊም ሴቶች ረጅም ፀጉራቸውን በሒጃብ ሸፍነው ለቤታቸው ያቆያሉ። እንዲህ ያለችዋን ሴት ካሜራ ፊት ገልጦ «አምሮብሻል» ማለት ማክበር አይደለም።

ያለ ባለቤቱ ፈቃድ የተቆረጠ ፀጉር ምን ያህል እንደሚያም ኢትዮጵያ በንጉሥ ደረጃ አይታዋለች። እ.ኤ.አ. በ1868 አፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ከሞቱ በኋላ የእንግሊዝ ጦር ሹሩባቸውን ቆርጦ ወሰደ። የለንደኑ ብሔራዊ የጦር ሠራዊት ሙዚየም ለኢትዮጵያ ያስረከበው ከ151 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2019 ነው። ለዚያ ጥቂት ቁንዳላ ይህን ያህል የተሟገተች አገር፣ በሕይወት ያለችን ሴት ፀጉር ለአንድ ክፍል ዝግጅት ማድመቂያ ልታደርገው አይገባም።

በቴሌቪዥን ለመድመቅም ፀጉር መለወጥ ግድ አይደለም። ዓለም በቴሌቪዥን አብዝቶ ያያቸው የአርሲ ሴቶች ደራርቱ ቱሉ፣ ፋጡማ ሮባ፣ ጥሩነሽ ዲባባና ቲኪ ገላና ናቸው። ለኦሎምፒክ ወርቅ ያበቃቸው ሩጫቸው ነው፤ እዚያ ለመድረስ ማንም «በፊት» እና «በኋላ» አላደረጋቸውም።

ይህ ማለት መለወጥ ነውር ነው ማለት አይደለም። ማሳጠር ያማራት ታሳጥር፣ መቀጠል የፈለገችም ትቀጥል። አዘጋጆቹ ግን ጥያቄውን ካሜራ ፊት ይጠይቁ፤ «አይ፣ እንዲሁ ይሁን» ካለች መልሷ ሳይቆረጥ ይተላለፍ። ከሜካፕ ባለሙያዎቹም ጎን አንድ ቀን ሹሩባ ሠሪ ይጋብዙ፤ ከሁሩታም ቢሆን አይጠፋም። በራሷ ፀጉር፣ በራሷ ምርጫ አምራ የምትወጣ ሴት «በኋላ» ተብላ ትታይ፤ ለዚህ የሚያስፈልገው ጥቂት ተጨማሪ ሰዓትና አንድ ጥያቄ ብቻ ነው።