የበጋ ቅቤና የባላገሯ ስም



በየካቲት የገበያው ቅቤ ነጥቶና ደርቆ ስናገኘው እኛ ደመወዝተኞች ባላገሯን «ባዕድ ነገር ቀላቅለሽበታል» ብለን እንዘልፋለን። እኔም በወልድያ አንዲት እናት በሰው ፊት አሳፍሬአለሁ፤ ዛሬ ይቆጨኛል።

ነገሩ ከመኖው ሊሆን ይችላል። በመስከረም የሐብሩ ላም ለምለም ሣር ስትግጥ፥ በቅቤዋ ውስጥ ኬሚስቶች አንሳቹሬትድ የሚሉት ቶሎ የማይረጋው ስብ ይጨምራል፤ ቢጫነቱም ከሣሩ ነው። በበጋ የመርሳን የማሽላ አገዳ ስትበላ ግን የሚረጋው ይበዛል። ዶሮማ የበላችውን ዘይት እስከ እንቁላሏ አስኳል ታደርሰዋለች፤ የላም ለውጥ መጠነኛ የሚሆነው በሆዷ ያሉት ረቂቃን ሕዋሳት አብዛኛውን ስብ ስለሚያደነድኑት ነው።

የሚረጋ ዘይት የሚደባልቅ የለም አልልም። ነገር ግን ተቆጣጣሪዎች በመልኩ ከመፍረዳቸው በፊት ናሙናውን ያስመርምሩ።

አንድ መምህር
ከወልድያ