የስድሳ ሕፃናት ምስክርነት

የክትባት ዘመቻ በተፈጸመ ማግሥት ከወረዳ ወደ ዞን፣ ከዞን ወደ ክልል የሚላከው ዘገባ ስንት ሕፃን እንደ ተከተበ እንጂ ስንት ሕፃን እንደ ቀረ አይናገርምና፣ የሥራውን ፍጻሜ በሠሪው ቃል ብቻ መመዘን ርቱዕ ፍርድ አይሆንም። በአገራችንም የመጨረሻው የሕዝብ ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. ስለ ሆነ፣ በዚያ ላይ ግምት እየታከለ የሚሰላው የሕፃናት ቁጥር ከእውነተኛው ባነሰበት ወረዳ፣ ብዙ ልጆች ተዘለው ሳለ ከመቶ እጅ በላይ ተከተበ የሚል መዝገብ ሊጻፍ ይችላል።

በሰሜን ናይጄሪያ የልጅነት ልምሻን ለማጥፋት በተደረገው ተጋድሎ እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ የተሠራበት የናሙና ፍተሻ ከዚህ የተሻለ ምስክር ነው። ጥንተ መሠረቱ ዶጅና ሮሚግ የተባሉ አሜሪካውያን የስልክ ፋብሪካን ዕቃ ለመመርመር በ1920ዎቹ ያበጁት ስልት ነው። ከአንድ ወረዳ 6 መንደሮች በሕዝባቸው ብዛት መጠን በዕጣ ይወጣሉ፤ ከየመንደሩ 10፣ በድምሩ 60 ሕፃናት ተመርጠው ለተከተበ ልጅ የሚቀባው የዘመቻው ቀለም በጣታቸው ላይ መኖሩ ይታያል፤ ያልተከተቡት ከ3 ካልበለጡ ወረዳው 90 በመቶውን አዳርሷል ተብሎ ያልፋል፣ ከበለጡ ግን ይወድቃል። ስድሳ ሕፃን ያንሳል የሚል ቢኖር፣ ትክክለኛውን መቶኛ ለማወቅ በእርግጥ ያንሳል፤ ሠራተኛው ወደዚያ ወረዳ ይመለስ ወይስ አይመለስ ለሚለው ፍርድ ግን ይበቃል፣ ውጤቱም በጥቂት ቀን ውስጥ ይደርሳል።

ነገር ግን ዕጣ የሚወጣው በመዝገብ ለሰፈረ መንደር ብቻ ነው። በ2005 ዓ.ም. ልምሻ ተመልሶ የታየበት የሶማሌ ክልል ዶሎ ዞን ውሃና ግጦሽ ተከትሎ የሚንቀሳቀስ አርብቶ አደር የሚኖርበት ምድር ነውና፣ የአርብቶ አደሩ ሰፈር አስቀድሞ ካልተመዘገበ ወረዳው ፈተናውን እያለፈ ልጆቹ ይቀራሉ። ናይጄሪያውያን ከሳተላይት ሥዕል ካርታ እየሠሩ የተረሱ መንደሮችን የፈለጉት ስለዚህ ነበር፤ የክትባቱ ጠብታ ሳይሰጥ ጣት ብቻ የተቀባባቸው ቤቶችም ተገኝተዋልና፣ ፈታሹ ከከታቢዎቹ ወገን ያልሆነ፣ ቀለሙን አይቶ እናቲቱንም የሚጠይቅ ሰው ሊሆን ይገባል።

የወደቀው ወረዳ ኃላፊ በቅጣት የሚሸማቀቅ ከሆነ፣ በሚቀጥለው ዘመቻ ቀለሙ ከጠብታው ይቀድማል። ስለዚህ ለዚያ ወረዳ አስቀድሞ የሚላከው ወቀሳ ሳይሆን ተጨማሪ ሠራተኛና ክትባት ይሁን፤ ያለፈውና የወደቀው ሁሉ በየቀበሌው ይነገር፣ ወላጆችም ልጆቻቸው የቀሩበትን ምክንያት በአደባባይ ይጠይቁ።