የከበረ አውቶሞቢል ለሐሩር ወራት እንዴት ይሰናዳል

ሐምሌ በገባ ጊዜ በደጋው አገር ያለን ሰዎች ጋቢ ደርበን ከምድጃው አጠገብ ተቀምጠን ዝናቡ የሚያባራበትን ሰዓት እንጠባበቃለን። በዚያው ወር ባሕር ተሻግረው በዱባይ፥ በኩዌትና በሪያድ የሚኖሩት ልጆቻችንና ወንድሞቻችን ግን የሌላውን ወር ፀሐይ ሁሉ የሚያስንቅ ፀሐይ ያያሉ፤ እኛ ክረምት ብለን የምንጠራው ወራት ለእነርሱ የሐሩር ወራት ነውና። በኩዌት ምትሪባ በተባለው ስፍራ በጁላይ 21 ቀን 2016 (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር እንጽፋለን) የተለካው ሙቀት 53.9 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነበረ፤ የዓለም የሜትሮሎጂ ድርጅትም መርምሮ አጽድቆታል።

የባለጸጋ መኪና ለቤተ ሰብ ገጽ ምን ይመለከተዋል የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። ነገር ግን በዚያ አገር ካሉት ወንድሞቻችን በነጂነት የሚያገለግሉ አሉ፤ እኅቶቻችንም የሰው ልጅ ታቅፈው በዚያው መኪና የኋላ ወንበር ላይ ይሄዳሉ። መኪናው የጌታው ቢሆን በውስጡ የተቀመጠው የእኛ ሰው ነው።

የከበረ አውቶሞቢል አንድ የሚያታልል ጠባይ አለው። አሮጌ የጭነት መኪና ሲታመም ይጮኻል፥ ይሸታል፥ ይንቀጠቀጣል፤ ነጂውም ወዲያው ወርዶ ኮፈኑን ይከፍታል። የከበረው አውቶሞቢል ግን መስታወቱ ድርብ፥ ወንበሩ ለስላሳ፥ ውስጡም እንደ ጥቅምት ማለዳ የቀዘቀዘ ስለ ሆነ፤ የተቀመጠበት ሰው ከእግሩ በታች ያለው አስፋልት ከ60 ዲግሪ በላይ መጋሉን አያውቅም። እንግዲህ መኪናው የሚሸሽገውን የሰው ዓይንና እጅ አስቀድሞ ሊፈልገው ይገባል፤ ይህም ሥራ ሐሩሩ ሳይገባ በሚያዝያ ወር ቢፈጸም ይሻላል።

ከሁሉ በፊት ጎማውን መመልከት ነው። ብዙ ሰው ጎማ የሚፈነዳው ነፋስ ሲበዛበት ብቻ ይመስለዋል፤ ስለዚህም ሙቀት ሲመጣ ነፋሱን ያጐድላል። ይህ ሰውን የሚገድል ስሕተት ነው። ነፋስ ያነሰው ጎማ በዞረ ቍጥር ጎኑ ይታጠፋል፥ ይዘረጋል፤ ይህም መታጠፍ በውስጡ ሙቀት ይወልዳል፤ ያ ሙቀት ከአስፋልቱ ግለት ጋራ ሲደመር ላስቲኩ ከሽቦው ይላቀቅና መኪናው በታላቅ ፍጥነት ላይ ሳለ ይፈነዳል። ትክክለኛው የነፋስ ልክ በነጂው በር ማዕዘን በተለጠፈው ወረቀት ላይ ተጽፎ ይገኛል፤ የሚለካውም ማለዳ መኪናው ሳይንቀሳቀስ ነው። ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ከፍ ሲል የጎማው ነፋስ ወደ 2 ፒኤስአይ ያህል ይጨምራል፤ ስለዚህ በቀትር የለካ ሰው የበዛ መስሎት ያስተነፍሰዋል፤ በማግስቱ ማለዳ ግን ጎማው ጐድሎ ይገኛል።

በባለጸጋ ቤት ደግሞ ሌላ ነገር አለ። አምስትና ስድስት መኪና ያለው ሰው አንዱን በወር አንድ ቀን ቢነዳው ነው፤ የጎማው ጥርስ እንደ አዲስ ሆኖ ይታያል፤ ላስቲኩ ግን በዕድሜ ብዛት ደርቋል። ዕድሜውን ለማወቅ በጎማው ጎን ላይ ዲኦቲ ከሚሉት ፊደላት ቀጥሎ በመጨረሻ የሚገኙትን አራት አኃዞች ማንበብ ነው፤ 2319 የሚል ቢሆን በ2019 በ23ኛው ሳምንት ተሠራ ማለት ነው። በተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ ከተሠራ አምስት ዓመት ባለፈው ጎማ መንዳትን ሕግ ይከለክላል። ጥርሱን ብቻ አይቶ ገና ነው የሚል ጎሚስታ ቢያጋጥም ቍጥሩን ማሳየት ነው። ነጂውም ይህን ቍጥር ለጌታው ማሳየት ድፍረት ሊመስለው አይገባም፤ በዚያ ጎማ ላይ የሚሄዱት ሁለቱም ናቸውና።

ከጎማ ቀጥሎ የራዲያተሩ ውሃ ነው። ውሃ በአዲስ አበባ ከፍታ በ92 ዲግሪ ግድም፥ በባሕር ዳር ባለችው ዱባይ በ100 ዲግሪ ይፈላል፤ ለጋለ ሞተር ይህ አይበቃም። ስለዚህ የተጣራ ውሃና ግላይኮል የተባለው ፈሳሽ እኩል ይደባለቃሉ፤ ድብልቁም በክዳኑ ግፊት ታግዞ ከ120 ዲግሪ በላይ ሳይፈላ ይቆያል። ከቧንቧ የቀዱትን ውሃ ብቻ መሙላት ግን የመፍያውን ልክ ዝቅ ያደርጋል፤ በውስጡም ዝቃጭ እያበጀ ቀጫጭኑን መንገድ ይደፍናል። የሙቀቱ ምልክት ወደ ቀዩ ቢወጣ የቅዝቃዜውን መሣሪያ ማጥፋት፥ የማሞቂያውን ግን እስከ መጨረሻው መክፈት ያስፈልጋል። ነገሩ የተገለበጠ ይመስላል፤ ነገር ግን ማሞቂያው ከሞተሩ ላይ ሙቀት ስለሚወስድ ዳር እስኪይዙ ድረስ ያድናል። ከዚያ ሞተሩን አጥፍቶ እስኪበርድ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት መታገሥ ነው። በጋለ ጊዜ የራዲያተሩን ክዳን የከፈተ ሰው ፊቱንና እጁን በእንፋሎት ይቃጠላል።

ባትሪን ብርድ ይገድለዋል ይባላል፤ ይልቁንም ዕድሜውን የሚያሳጥረው ሙቀት ነው፤ ስለዚህ ሁለት ዓመት ያለፈው ባትሪ ከሐሩሩ በፊት ይመርመር። የማቀዝቀዣው ማጣሪያና ከፊት ያለው መረቡ አሸዋ ስለሚጠጡ ይጽዱ። ለባሕረ ሰላጤው አገሮች ተብለው የሚሠሩ መኪናዎች ብዙውን ጊዜ የበረታ ማቀዝቀዣ ይደረግላቸዋል፤ ከአሜሪካ ወይም ከአውሮፓ በርካሽ የመጣውን ግን የሚገዛ ሰው ይህን ጠይቆ ይግዛ። ስለ ቀለሙ ደግሞ ጥቁር ግርማ አለው፤ ይሁን እንጂ በካሊፎርኒያ ጥቁርና ብርማ መኪና አንድ ሰዓት በፀሐይ አቁመው ቢለኩ የብርማው ውስጥ ከ5 እስከ 6 ዲግሪ ቀዝቅዞ ተገኝቷል። ቆዳው እንዳይሰነጠቅ በፊት መስታወቱ ላይ መጋረጃ ማድረግ ይበቃል። ሽቶ፥ ላይተርና መድኃኒት በመኪና ውስጥ አይተው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንመለስ። በ2005 በአሜሪካ በታተመ ምርመራ የቆመ መኪና ውስጥ በአንድ ሰዓት በአማካይ 22 ዲግሪ ሙቀት ጨመረ፤ ከዚህም ከመቶ ሰማንያው የጨመረው በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ነው፤ መስኮቱን ጥቂት ከፈት ማድረግም እምብዛም አልረዳም። የሕፃን ገላ ከአዋቂ ገላ ከሦስት እስከ አምስት ጊዜ ፈጥኖ ይግላል። በዚያው በአሜሪካ ከ1998 ወዲህ ከ1,000 የሚበልጡ ሕፃናት በመኪና ውስጥ በሙቀት ሞተዋል፤ ከግማሽ የሚበልጡት በሚወዷቸው ሰዎች ተረስተው ነው፤ ሩብ ያህሉም ራሳቸው ለጨዋታ ገብተው ነው። ቍልፍ በኪስ ይዞ ሲቀርቡት የሚከፈት፥ ሲርቁትም ራሱን የሚዘጋ የከበረ መኪና ለዚህ ዓይነቱ አደጋ ይመቻል። ስለዚህ ቍልፉ ሕፃን ከማይደርስበት ይሰቀል፤ ነጂውም ሆነ ሞግዚቷ ቦርሳቸውን ወይም አንድ እግር ጫማቸውን ከሕፃኑ አጠገብ ያኑሩ፤ ያን ሳያነሡ መሄድ አይቻላቸውምና። በአዳዲሶቹ መኪናዎች በኋላ ወንበር የቀረ ሕፃን መኖሩን የሚያስታውቅ መሣሪያ ያለባቸው አሉ፤ ቢሆንም ዞሮ የማየትን ልማድ አይተካም።

ስለ ነጂውም አንድ ቃል እንናገር። ጌታው ወደ ቀዘቀዘው ገበያ ሲገባ እርሱ ሞተሩን አጥፍቶ ቢቀመጥ ይጋገራል፤ በተዘጋ የምድር ቤት ሞተሩን አስነሥቶ ቢተኛ ደግሞ ሽታ የሌለው የካርቦን ሞኖክሳይድ መርዝ ይገድለዋል። በኤምሬትስ ከጁን 15 እስከ ሴፕቴምበር 15 ድረስ ከቀትር በኋላ ከ6 ሰዓት ተኩል እስከ 9 ሰዓት በፀሐይ ላይ ማሠራት ክልክል ነው፤ በመኪና ውስጥ የሚጠብቀውን ነጂ ግን ብዙውን ጊዜ የሚጠብቀው የጌታው አሳቢነት ነው። ስለዚህ ሐሩሩ ሳይገባ፥ ጎማውና ውሃው በሚታይበት በዚያው ቀን፥ ነጂው የት ጥላ ሥር እንደሚቆይ በግልጥ መነጋገር ያስፈልጋል።

በተዘጋ መኪና ውስጥ የተዘለፈለፈ ሕፃን ወይም ሰው ያየ ሁሉ የመኪናውን ዋጋ ሳያስብ ከሰውየው የራቀውን መስታወት ይስበር፤ አውጥቶም ወደ ጥላ ይውሰደው፤ ልብሱን አላልቶ ገላውን በቀዝቃዛ ውሃ ያርስ፥ ያናፍስለት፤ ራሱን የሳተውን ሰው ውሃ አያጠጣው። የአምቡላንስ ስልክ በኤምሬትስ 998፥ በሳውዲ ዓረቢያ 997፥ በኩዌት 112 ነው።