የእናቶች ማምሻ ስለ ምን ይነቀፋል?

በጎንደር ከተማም ሆነ በወገራና በደባርቅ ደጋ፥ የአንድ መንደር እናቶች ተጠራርተው አመሻሹ ላይ ከአንዲቱ ቤት ቡና አፍልተው ሲጫወቱ የታዩ እንደ ሆነ፥ «እነዚህ ሴቶች ሥራ የላቸውምን?» የሚል ነቃፊ አይታጣም። ነቃፊው ይህን ቃል የሚናገረው ብዙውን ጊዜ ከጠላ ቤት አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ነው። እርሱ ቢያመሽ «ሰው አግኝቶ ነው» ይባልለታል፤ ሚስቱ ብታመሽ ግን «ቤቷን ጣለች» ትባላለች። ሚዛኑ ሁለት ከሆነ ፍርዱ እንዴት ቀና ሊሆን ይችላል?

እናት ዶሮ ሳይጮኽ ተነሥታ እሳት ታነዳለች፥ ውኃ ትቀዳለች፥ እንጀራ ትጋግራለች። በከተማ ያለችውም ከመሥሪያ ቤት ወይም ከገበያ ስትመለስ ይኸው ሥራ ከደጃፏ ቆሞ ይጠብቃታል። ገበሬው በሬዎቹን ሲፈታ ቀኑ አለቀለት፤ የእርሷ ቀን ግን ልጆቹ ከተኙም በኋላ አያልቅም። እንግዲህ በሳምንት አንዲት ማምሻ ብታርፍ ከማን ላይ ምን ቀማች?

እናቶች ለልቅሶ ቢወጡ የሚከለክላቸው የለም። አራስ ለመጠየቅ ቢሄዱ፥ ወይም ወር በገባ በ21 ቀን የእመቤታችንን ጽዋ ለመጠጣት ቢሰበሰቡ ነውር አይባልም። የሚነቀፈው ለዕረፍትና ለጨዋታ ብቻ ሲሰበሰቡ ነው። ዋናው ስሕተት ከዚህ ላይ ነው፤ ሥሩን ነቅሎ ፍሬውን መመኘት ነውና። ምጥ በእኩለ ሌሊት ሲመጣ «ማርያም፥ ማርያም» እያሉ የሚደርሱት፥ ለአራሲቱ ገንፎ የሚያገነፉላት፥ ሬሳ በወጣበት ቤት እንጀራ ይዘው የሚገቡት እነዚያው አብረው ያመሹት ጎረቤቶች ናቸው። በደኅና ቀን ያልተዋወቀ ሰው በጭንቅ ቀን ለመጣራት ያፍራል። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል የሚለው ተረት እውነት የሚሆነው ጎረቤት ከጎረቤቱ ጋር ሲቀመጥ ነው።

«ስብሰባቸው ሐሜት ነው» የሚለው ክስ ሁለተኛው ነው። ሐሜት መኖሩ አይካድም፤ ነገር ግን ከጠላ ቤቱስ መቼ ጠፋ? አቦሉ ተጠጥቶ ቶናው እስኪደርስ፥ ልጇ በትኩሳት የነደደባት እናት ወደ ጤና ጣቢያ አብራት የምትሄድ ታገኛለች፤ እህል ያለቀባት ትበደራለች፤ ባሏ የሚደበድባት ምስጢሯን አውጥታ ሽማግሌ የሚልክላት ታገኛለች። ምናልባት አንዳንዱ ነቃፊ የሚፈራው ሐሜቱን ሳይሆን ይህን ምስጢር ነው። ደግሞም የቀደሙት ክርስቲያኖች ቡናን ራሱን የሌላ ሃይማኖት መጠጥ ነው ብለው ይነቅፉት ነበር፤ ነቀፌታው እየላላ የሄደው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ነው። ዛሬ ግን ያለ ቡና የሚውል የክርስቲያን ቤት ስንት ነው? የተለመደ ነቀፌታ ሁሉ እውነተኛ ነቀፌታ አይደለም።

«ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ» እየተባለም ይተረታል። ይህ ተረት በጎንደር ሲነገር እንግዳ ነገር ነው። በ1723 ዓ.ም. አፄ በካፋ ሲሞቱ እቴጌ ምንትዋብ ሕፃን ልጃቸውን ኢያሱን አንግሠው መንግሥቱን የመሩት ከዚህችው ከተማ ነበር፤ ያሠሩት የደብረ ፀሐይ ቁስቋም ቤተ ክርስቲያንና ከአጠገቡ ያለው የግንባቸው ፍራሽ ምስክሮች ናቸው። መንግሥትን የሚያህል ነገር ለእናት በታመነበት አገር፥ አንዲት ማምሻ ለእናት አትታመንምን?

በሃይማኖት ስም የሚነቅፍም ካለ የሉቃስን ወንጌል 1ኛ ምዕራፍ ይመልከት። እመቤታችን መልአኩ ካበሠራት በኋላ ወደ ደጋው አገር ወደ ኤልሳቤጥ ፈጥና ሄደች፤ ከእርሷም ዘንድ ሦስት ወር ያህል ተቀመጠች። አንዲት እናት ወደ ሌላይቱ እናት መሄዷ ነውር ቢሆን ኖሮ፥ ወንጌሉ ይህን በክብር ባልጻፈው ነበር።

እርግጥ በ2015 ዓ.ም. ሐምሌ ወር በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ እስከ መታወጅ ያደረሰው ግጭት ማምሸትን አስፈሪ አድርጎታል። ይህ ግን ስለ ሰዓቱና ስለ መንገዱ መጠንቀቅ እንዲገባ እንጂ፥ እናቶች እንዲለያዩ አያስገድድም። ከሩቅ ሰፈር ይልቅ ከአንድ ግቢ፥ ከጨለማ በፊትም መሰብሰብ ይቻላል፤ ስጋት በበዛበት ጊዜ ብቻዋን በሯን ዘግታ ከምትፈራ ሴት ይልቅ ጎረቤቷን የያዘች ትጸናለች።

እናቶችም የድርሻቸውን ይጠብቁ። ቡናና ቆሎ የሚበቃውን ማምሻ ወደ ድግስ ፉክክር ቢለውጡት፥ ድኻይቱ አፍራ ትቀራለች፤ ያን ጊዜ ነቃፊው ሳይሆን ራሳቸው ያፈርሱታል። ባልም በዚያች ማምሻ ከጠላ ቤቱ ቀርቶ ልጆቹን ያብላ፥ ያስተኛም። ይህን ሲያደርግ ሚስቱ በየቀኑ የምትሠራውን ሥራ ክብደት በገዛ እጁ ይመዝናል፤ ከዚያ ወዲያ «ሥራ የላቸውምን?» ብሎ የሚጠይቅበት አፍ አይኖረውም።